አራት ቀን በኦሃዮ የሸክላ አገር

የድሮ የአሜሪካ ሸክላ መልቀም የጀመርኩት ጃኬት ፍለጋ ወጥቼ ነው። ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ጉድዊል ገብቼ የልጄን የክረምት ልብስ ሳገላብጥ አንዲት አረንጓዴ የአበባ ማስቀመጫ በ3 ዶላር አየሁ። ገልብጬ ቂጧን ሳይ «ማኮይ ዩኤስኤ» ይላል። ስልኬን አውጥቼ ስፈልግ፣ ከቤቴ አንድ ሰዓት ገደማ በምትርቅ ሮዝቪል በምትባል ትንሽ ከተማ የተሠራች ሆና ተገኘች። ጃኬቱን ረስቼው ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ «ደግሞ ገል ይዞ መጣ» ትላለች። አንድ መመሪያ ግን አለኝ። ለአንድ ዕቃ ከ20 ዶላር በላይ አላወጣም። መመሪያውን ያፈረስኩት በዚህ ጉዞ ነው፤ እደርስበታለሁ።

አብረውኝ የሄዱት አክስቴ ናቸው። ቤተሰቡ ሁሉ «እቴቴ» ነው የሚላቸው። ለትንሿ ልጄ ክርስትና ከአዲስ አበባ መጥተው ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው። «ከመስኮት መኪና ስቆጥር ዋልኩ» ሲሉ ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። ገባኝ። በጥቅምት መጨረሻ አራት ቀን ፈቃድ ወሰድኩና ይዣቸው ወጣሁ። (ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ሐሙስ፦ ዜንስቪል

ትልቁን አውራ ጎዳና ትቼ በአሮጌው መንገድ 40 ወደ ምሥራቅ ነዳሁ። ይሄ ድሮ ናሽናል ሮድ የሚባለው ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት መጀመሪያ ያሠራው አውራ ጎዳና ሲሆን ሥራው የተጀመረው በ1811 ነው። ዛሬ ዳር ዳሩን አሮጌ ሞቴልና የአንቲክ (የድሮ ዕቃ) ሱቅ ይበዛበታል። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ስፕሪንግፊልድ ብንሄድም ትልልቅ የአንቲክ ሞሎች አሉ፤ በአንድ ቀን ዞሮ የሚጨርሳቸው የለም። እኔ ግን እቴቴን ሸክላው ወደተወለደበት ነው መውሰድ የፈለግኩት።

ዜንስቪል መግቢያ ላይ ባለ ሦስት እግር ድልድይ አለ። ሁለት ወንዞች የሚገናኙበት ላይ የተሠራ ነው። መንገድ ስትጠይቅ «ድልድዩ መሃል ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ» ይሉሃል። እቴቴ «ድልድይ ላይ መታጠፍ? ወንዝ ልትከተኝ ነው?» አሉ።

በዚህ አካባቢ የድንጋይ ከሰሉና ሸክላው አንድ ላይ ነው የሚገኙት። ብዙ ቦታ ሸክላው ከከሰሉ ሥር ተነጥፏል። ማገዶና ጭቃ ከአንድ ኮረብታ ወጡ ማለት ነው። በዚህ ላይ ወንዝ አለ፣ በኋላም ባቡር መጣ። ሳሙኤል ዌለር በ1872 ከዚህ ብዙም በማይርቅ መንደር ማሰሮ መሥራት ጀመረ፤ ከዚያ ወደ ዜንስቪል ገባ። ፋብሪካው የተዘጋው በ1948 ነው። ዌለር «ሉዌልሳ» የሚባል ጠቆር ያለ ቡናማ ሥራ ነበረው። ስሙ ከሴት ልጁ ከሉዊዝ፣ ከራሱ የአባት ስምና ከስሙ መነሻ ፊደላት ተቀጣጥሎ የወጣ ነው። ሉዌልሳ ዛሬም ኪስ ይነካል፤ እኔ በመስታወት ውስጥ አይቼው ነው የማልፈው።

ለኛ ዓይነቱ ሰው የሚሆነው ከ1930ዎቹ መጨረሻ በኋላ በገፍ የተመረተው ነው። ሮዝቪል የሚባለው የሸክላ ኩባንያ በ1954 እስኪዘጋ ድረስ አበባ የታተመባቸው ማስቀመጫዎች በብዛት አውጥቷል። ሾኒ የሚባለውም እዚያው ዜንስቪል ከ1937 እስከ 1961 ሠርቷል። ድሮ እነዚህን የሚሻሙ ሰብሳቢዎች ነበሩ። አሁን እነሱ አርጅተዋል፤ ልጆቻቸው ዕቃውን አይፈልጉትም። ስለዚህ ዋጋው ወርዷል።

የገባንበት አንቲክ ሞል የቀድሞ ሱፐርማርኬት ይመስላል። እያንዳንዱ ነጋዴ የራሱ ቡዝ (የተከለለ ቦታ) አለው፤ ነጋዴው ራሱ ግን የለም። ከፊት ያለችው ሴትዮ ብቻ ነች ለሁሉም የምታስከፍለው። እቴቴ መጀመሪያ ያነሱት የሾኒን የበቆሎ ጨውና በርበሬ መያዣ ነው። እውነተኛ እሸት ነው የሚመስለው። ፍሬው ቢጫ፣ ልባሱ አረንጓዴ፣ አናቱ ላይ የጨው ቀዳዳ። «አሁን ይሄን ማን ሊጠብሰው ነው?» ብለው ሳቁ። 14 ዶላር ነበር። ያዝኩት።

ከዚያ መስታወት ውስጥ አየኋት። የማግኖሊያ አበባ ያለባት ሰማያዊ የሮዝቪል ማስቀመጫ፣ ባለ ሁለት ጆሮ። ቂጧ ላይ «ሮዝቪል ዩኤስኤ 90-7» ይላል። የመጀመሪያው ቁጥር የቅርጹ ነው፤ ሁለተኛው ቁመቱ በኢንች ነው። ስለዚህ 7 ኢንች ትሆናለች። «ዩኤስኤ» የሚለውን ደጋግሜ ያየሁት በምክንያት ነው። በ1990ዎቹ ከቻይና የመጣ የሮዝቪል ቅጂ አገሩን አጥለቅልቆት ነበር፤ ብዙው ላይ «ዩኤስኤ» የለም። እቺ ግን አላት። ዋጋዋ 65 ዶላር። ልቤ ደነገጠ፤ ግን አንዴ ተያዝኩ።

እኔ ማኅተም ሳነብ እቴቴ በጣታቸው መገጣጠሚያ አንኳኩ። ሾላ ገበያ ጀበና ሲገዙ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። አንኳኩና ጆሯቸውን አስጠጉ። እንደገና አንኳኩ።

«ልጄ፣ ይቺ ዕቃ ጉንፋን ይዟታል።»

«እቴቴ፣ ሮዝቪል እኮ ነው!»

«ሮዝቪልም ይታመማል።»

«መጨረሻውን ስንት ይሸጥልናል በላት» አሉኝ። ሴትዮዋ ነጋዴው ጋ ደውላ 60 አደረገችልኝ። ከፈልኩ።

ማታ ሞቴል ውስጥ ሐምራዊ ብርሃን የምትሰጠውን ትንሿን ባትሪዬን ከመኪናው አመጣሁ። ሱቅ ይዣት መግባት ነበረብኝ፤ ረሳኋት። መብራቱን አጥፍቼ ሳበራባት የግራ ጆሮዋ ከሥሩ ጀምሮ ነጭ ሆኖ አበራ። ተሰብራ ተጣብቃ ቀለም ተቀብታለች። የሸክላው የራሱ ቅብ እሳት ውስጥ ገብቶ እንደ መስታወት የሆነ ነው፤ ይቀዘቅዛል፣ ከንፈር ላይ ስታስነኩት ይታወቃል። ቀለም የተቀባው ቦታ ግን ለብ ያለና ለስለስ ያለ ነው። በማግስቱ ሱቁ ጋ ደወልኩ። «የተሸጠ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ደረሰኙ ላይ አለ ተባልኩ። እውነትም አለ። ተሸወድኩ። እቴቴ አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ ብርድ ልብሱን ጎትተው ተኙ። ከመናገራቸው ይልቅ ያ ነው ያበገነኝ።

ዓርብ፦ መንገድ 93

ከዜንስቪል ወደ ደቡብ መንገድ 93 ወደ ሮዝቪል ከተማ፣ ቀጥሎም ወደ ክሩክስቪል ይወስዳል። ቅጠሉ ቀይና ወርቅ ሆኗል። ግማሹ የፋብሪካ ጡብ ፈርሷል፤ ጭስ ማውጫ ብቻውን ሣር መሃል የቆመበት ቦታ አለ።

ለጀማሪ እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ሮዝቪል ኩባንያ ሮዝቪል ከተማ ውስጥ ተጀመረ እንጂ ቶሎ ብሎ ወደ ዜንስቪል ነው የሄደው። ሮዝቪል ከተማ ውስጥ ሲሠሩ የኖሩት ማኮይና ሮቢንሰን ራንስቦተም ናቸው። ራንስቦተም ዕቃው ቂጥ ላይ «አር አር ፒ ኮ፣ ሮዝቪል ኦሃዮ» ብሎ ያትም ነበር። ያን ያየ ሰው «ሮዝቪል አገኘሁ!» ብሎ ይጮኻል። ያላወቀ ሻጭም በዚያው ዋጋ ይጠራል። ሲያውቁት ግን ራንስቦተም ራሱ ጥሩ ዕቃ ነው። በ2005 እስኪዘጋ ድረስ ወፍራም፣ ለሥራ የተፈጠረ ሸክላ ነው ያወጣው።

እቴቴ የወደዱት ይሄንኑ ነው። አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ወለል ላይ፣ በአሮጌ መጽሔቶች ሥር፣ ቢጫ የሊጥ ጎድጓዳ ሳህን ነበር፤ ወገቡን ሰማያዊ መስመር የከበበው። አወጡት፣ አቧራውን በነጠላቸው ጠረጉ፣ ከሥሩ በአንድ እጅ ደግፈው አንኳኩ። ድምፁ ሱቁን ሞላው። ሻጩ ቀና አለ።

«ይሄ ጤነኛ ነው» አሉ። ጫፉ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ሽርፍ ነበረችው። «እሱን ንገረውና ቀንስ በለው።» ከ16 ወደ 12 ወረደ።

ስለ ማኮይም አንድ ነገር ልበል። እውነተኛው ማኮይ የጀመረው በ1910 ነው፤ በ1990 ተዘጋ። ዝነኛ ያደረጉት የብስኩት ማሰሮዎቹ ናቸው። ስሙ በሕግ አልተያዘምና ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ሌሎች አዲስ ማሰሮ እየሠሩ «ማኮይ» እያሉ ማተም ጀመሩ። መለያው ሜትር ነው። ከእውነተኛው ዕቃ ላይ ቅርጽ ወስደህ ስትሠራ ጭቃው ሲደርቅና ሲተኮስ ይኮማተራል። ስለዚህ ቅጂው ሁልጊዜ ከዋናው ያንሳል። ልኩን አውቃችሁ ሂዱ።

ምሳ ሰዓት ላይ ዓርብ መሆኑ ችግር ሆነ። ድንች ጥብስ አለ፤ እቴቴ ግን «ዶሮ የጠበሱበት ዘይት እንዳይሆን» አሉ። ጠየቅኩላቸው። ነው። ቲማቲምና ዳቦ በልተው ተነሱ።

ክሩክስቪል የሀል ፋብሪካ ከተማ ነው። ሀል በ1905 ተጀመረ። ሰኔ 1950 ጎርፍ ገባበት፤ ውኃው የጋለው ምድጃ ላይ ሲደርስ ፈነዳና በጎርፍ መሃል በእሳት ነደደ። በ1952 እንደገና ተከፈተ። ከጎርፉ በፊት ያለው አንጸባራቂ ያልሆነ፣ ደብዘዝ ያለ ቅብ የሚፈለገው ነው። እኔ ግን የምለቅመው ከ1960 ጀምሮ የወጣውን ቡናማውን ነው። አካሉ እንደ መስታወት የሚያበራ ቡናማ፣ ጫፉ ላይ ነጭ አረፋ የፈሰሰበት። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሲያየው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚታየው፤ ማኪያቶ። የትም ጉድዊል ውስጥ አለ፤ ማንም አይሻማህም።

ዋት የሚባለው ፋብሪካም እዚሁ ነበር። ቀይ ፖም በእጅ የተሳለባቸው ሳህኖቹ ይታወቃሉ። በ1965 ተቃጠለ፤ አልተነሣም። የዋት ፖም ከኔ መመሪያ በላይ ነው።

ከከተማው ስንወጣ በእጅ የተጻፈ የያርድ ሴል (ሰው ደጁ ላይ አሮጌ ዕቃውን የሚሸጥበት) ምልክት አየሁና ታጠፍኩ። በረንዳ ላይ አንዲት አሮጊት ብርድ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ አራት የሀል ቡናማ ኩባያ፣ አራቱም አንድ ላይ በ8 ዶላር። ዕቃውን ሳገላብጥ «እኔ ነኝ ጆሮ የቀጠልኩባቸው፤ እነዚህን ባይሆን ወንድሞቻቸውን» አሉኝ። ፋብሪካው በ1986 እስኪዘጋ ድረስ እዚያ ሠርተዋል።

እቴቴ «ምን አለች?» አሉ። ነገርኳቸው። ወዲያው ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ፤ ኋላ ኋላ ደግሞ እሱም አላስፈለገም። ሴትዮዋ በእጃቸው አሳዩ። ጭቃው እንደ እንጀራ ሊጥ ቀጭን ተደርጎ ጄሶ ቅርጽ ውስጥ ይፈሳል። ጄሶው ውኃውን ይጠጣል። ዳር ዳሩ ሲጠነክር የቀረው ይደፋል። ከዚያ ቅርጹ ተከፍቶ ይወጣል፤ መጋጠሚያው ላይ የቀረችው መስመር በቢላና በስፖንጅ ትጠፋለች። ጆሮው ለብቻ ይሠራና በቀጭን ጭቃ ይጣበቃል። ሴትዮዋ በአየር ላይ ጆሮ ቀጠሉ፤ አውራ ጣታቸውን ጫን፣ ዞር፣ ጠረግ። እቴቴ ያንኑ እየመለሱ አደረጉ።

እቴቴ ኩባያውን ገልብጠው አዩ። «ስሟ የቱ ላይ ነው?» አሉኝ። «ሀል፣ ምድጃ የሚችል፣ ዩኤስኤ» ነው የሚለው። የሳቸው ስም የለም። እቴቴ ከንፈራቸውን መጠጡ። «የኛዎቹንስ ማን ጻፈላቸው» አሉ። «ሸክላቸውን እንበላበታለን፣ እነሱን ቡዳ እንላለን።» ይሄን አልተረጎምኩም። እንዴት ብዬ ልተርጉመው?

ስንነሳ ሴትዮዋ 8 ዶላሩን ተቀብለው 2 ዶላር መለሱልኝ። «ለጓደኛዬ ቅናሽ ነው» አሉ፤ ወደ እቴቴ እያመለከቱ።

ቅዳሜ፦ ኢስት ሊቨርፑልና ኒውወል

ወደ ሰሜን ምሥራቅ ከሁለት ሰዓት በላይ ነዳሁ። ኢስት ሊቨርፑል ኦሃዮ ወንዝ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከእንግሊዝ የመጣ ጄምስ ቤኔት የሚባል ሸክላ ሠሪ በ1840 አካባቢ ከጀመረ በኋላ ከተማዋ በሙሉ ምድጃ ሆነች። የድሮው ፖስታ ቤት አሁን የሴራሚክ ሙዚየም ነው። እንደ ወረቀት የሳሱ «ሎተስ ዌር» የሚባሉ ነጭ ዕቃዎች አሉበት። እቴቴ ከመስታወቱ ፊት ትንሽ ቆሙ። «አይንኳኳ የሚል ጽሑፍ አለ?» አሉኝ። አለ አልኳቸው።

ወንዙን ተሻግረን ዌስት ቨርጂኒያ፣ ኒውወል ገባን። ድልድዩ በ1905 እዚህ ላለው የሸክላ ፋብሪካ የተሠራ ነው፤ ዛሬም ያስከፍላል። ፊየስታ የሚባሉት ባለ ደማቅ ቀለም ሳህኖች የሚሠሩት እዚህ ነው። ፍሬደሪክ ሪድ የነደፈው ፊየስታ በ1936 ወጣ። ይሄው ሪድ ቀደም ብሎ ዜንስቪል ሮዝቪል ኩባንያ ውስጥ ሠርቷል። አንድ ቤት የወጣ ሰው ሌላው ቤት ይገባል፤ እንደ ሸገር ምግብ ቤት አብሳይ።

የድሮው ቀይ ፊየስታ (ብርቱካን ቢመስልም «ቀይ» ነው የሚሉት) ቅቡ ውስጥ ዩራኒየም አለበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት ዩራኒየሙን ለቦምብ ስለፈለገው ቀዩ ተቋረጠ። በ1959 ተመለሰ። ስለዚህ ለማየት ግዙት፤ ወጥ አታቅርቡበት። ስለ ሌላውም የድሮ ቅብ ብትጠነቀቁ ጥሩ ነው፤ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ኮምጣጤ ያለበት ምግብ አታስቀምጡበት። የኔ ማኪያቶ ኩባያዎች እስክርቢቶ ነው የያዙት።

ፋብሪካው ሱቅ ውስጥ አዲሱ ፊየስታ አለ፤ ትንሽ ጉድለት ያለበት ለብቻው በቅናሽ ይሸጣል። ብዙ ሰው ነበር። እኔ አንድ አንቲክ ሱቅ ውስጥ የድሮ ቢጫ ሳህን በ7 ዶላር አገኘሁ። እቴቴ ስለ ቀለሙ ምንም አልተደነቁም። «ትሪ ይመስላል» ብለው ጨረሱት።

እሁድ፦ ኮሎምበስ

ሌሊት ነድቼ ገባን፤ እቴቴ ቅዳሴ እንዳይቀርባቸው። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ስልኬን አየሁ። ሰፈራችን አቅራቢያ ኢስቴት ሴል አለ። ሰው ሲሞት ወይም አረጋውያን ቤት ሲገባ ሙሉ ዕቃው እዚያው ቤቱ ውስጥ ይሸጣል። መጀመሪያው ቀን ነጋዴዎች ይሰለፋሉ፤ የመጨረሻው ቀን ግን ብዙ ጊዜ ሁሉም በግማሽ ዋጋ ነው። እሁድ ከሰዓት የደረሰ ሰው ሳሎኑን ባዶ ያገኘዋል። እኔ ሳሎን አልገባም። ጋራዥ፣ ምድር ቤት፣ የጓሮ መደርደሪያ ነው የምሄደው። የደረቀ አፈር ያለበትን፣ አበባው የሞተበትን ዕቃ ማንም አያገላብጠውም።

እቴቴ በነጭ ነጠላቸው የሰው ጋራዥ ውስጥ ገቡ። የቀለም ቆርቆሮ ጀርባ አጎንብሰው አንድ ክብ፣ ዝቅ ያለ ቡናማ ሸክላ አወጡ። ውስጡ ድርቅ ያለ አፈር ነበረው። አፈሩን ደፍተው አንኳኩ። ገለበጥኩት። «ዩኤስኤ» ብቻ ነው የሚለው፤ የፋብሪካ ስም የለውም። ማኮይም ሾኒም ሌሎችም እንዲህ ብቻ ብለው ያወጡት ዕቃ ብዙ ነው። የማን እንደሆነ ስለማይታወቅም ነው የሚረክሰው።

«ይሄ የማን ነው?» አሉኝ።

«አይታወቅም፣ እቴቴ።»

«ዋጋውስ?»

2 ዶላር ነበር፤ በግማሽ 1 ሆነ። ራሳቸው ከቦርሳቸው አውጥተው ከፈሉ። አሜሪካ ከመጡ በገዛ እጃቸው የገዙት የመጀመሪያ ዕቃ ነው።

ቤት ስንደርስ በሳሙና አጠቡት፣ አደረቁት። ባለቤቴ ቡና ቆልታ ነበር። ጀበናው ሲወርድ እቴቴ ያንን ክብ ዕቃ አስጠጉና አስቀመጡበት። ልክ ገባ። ከአገር ያመጣነው ማቶት የት እንደገባ እስካሁን አላወቅንም።

ማግኖሊያዋን መደርደሪያ ላይ የግራ ጆሮዋን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀምጫታለሁ። እቴቴ ያዩ አይመስለኝም ነበር። ባለፈው ሳምንት ሊመለሱ ሻንጣቸውን ሲያዘጋጁ ቢጫውን የሊጥ ሳህን በጋቢ ጠቅልለው መሃል ላይ አኖሩት። ሁለተኛውን ሻንጣ መዘንኩት፤ 24 ኪሎ ሆነ። አንድ ኪሎ ይቀንስ አልኳቸው። ጫማ አወጡ። ሳህኑን አልነኩትም።

ከመዝጋታቸው በፊት ጋቢውን ገለጥ አድርገው አንዴ አንኳኩ። አዳመጡ። ከዚያ ቀና ብለው መደርደሪያው ላይ ያለችውን ሰማያዊ ዕቃ አዩና፣

«እሷስ፣ ጉንፋኑ ተሻላት?» አሉኝ።